ወደ ደጃፉ የምትቀርበዋ ሴት

ባለፈው ሰሞን መታወቂያዬን ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ነበር። እኛ የካ አባዶ የምንኖር ሰዎች ወረፋ ለምደናል፤ ጠዋት የታክሲ ወረፋ፣ ማታ የታክሲ ወረፋ፣ ውሃ የመጣ ዕለት ደግሞ የጀሪካን ወረፋ። ከአራተኛ ፎቅ የወረድኩበት ጉልበቴ ሳያርፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ስጠብቅ ረፈደ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ደግ ልጅ፣ ወረቀቴን አገላበጠችና የጎማውን ማኅተም ቀለም አስነክታ ተጫነችው። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ያ ሐምራዊ፣ ትንሽ መድኃኒት መድኃኒት የሚለው ሽታ። ልጅቷ ጨርሰዋል፣ መሄድ ይችላሉ ብላኛለች፤ ሰምቻታለሁ፤ ግን አልተነሳሁም። አሞኝ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ደህና ነኝ አልኳትና ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ደጅ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ትዝታው አንዴ ከመጣብኝ በኋላ አልሄድ አለኝ።

እንጦጦ አሁን መናፈሻ ሆኗል። የልጅ ልጄ ወስዳኝ አይቼዋለሁ፤ መንገዱ ተነጥፏል፣ ወጣቶች ብስክሌት ይነዳሉ፣ የሚበላውና የሚጠጣው ዋጋው አይቀመስም። ልጅቷ ስልኳን ደቅና "እማማ፣ ስማይል አድርጊ እንጂ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከዛፎቹ መሀል የምፈልገው ሌላ ነበር፤ የድሮው የሳንባ ሆስፒታል ሰፊ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩ የብረት አልጋዎች፣ አልጋዎቹ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንበው ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች። ያኔ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ እንጨት ለቅማ የምትመለስ ሴትና ሳንባው የታመመ ሰው። የመጀመሪያዋ በዚያው ቀን ትወርዳለች። ሁለተኛው መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅለት የለም።

እኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው የወጣሁት። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ነበር፤ የምሠራው ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በመጥለፍ። በአሥር ሳንቲም የምንገዛው ዳቦ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር ስል የልጅ ልጄ ተረት የምነግራት ይመስላታል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ተኩሰው እጥፋቱ እንደ ምላጭ ይቆም ነበር፤ ሴቶቹ የናይለን ሻሽ አገጫችን ሥር እናስራለን፤ ተረከዘ ሹል ጫማ ያላት ሴት በኮረኮንቹ ላይ ስትሄድ ሰው ሁሉ ቆሞ እንዳትወድቅ ይጠብቃታል። ከስፌት ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣውን ዘፈን ሰፊዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ያንጎራጉሩታል፤ የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው የሚረግጡትም በዘፈኑ ምት ነበር። እጮኛ ነበረኝ፤ አስተማሪ ነው፤ ቀለበት ታስሮ ለሠርጉ ፋሲካ ነበር የሚጠበቀው። በዚያ ክረምት ሳል ያዘኝ። ሳሉ በመስከረምም አልተወኝም። አንድ ቀን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠርዝ ስጠልፍ አስሎኝ ጨርቁ ላይ ደም አየሁ።

አባቴ ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲ ተኮናትሮ ወሰደኝ። ታክሲዋ ሽሮ ሜዳን አልፋ ዳገቱን ስትጀምር ማቃሰት ያዘች። ሹፌሩ ወዴት እንደምንሄድ የገባው እዚያ ላይ ነው፤ መስኮቱን በሙሉ ከፈተው። ብርዱ ፊታችንን እየመታን ወጣን። አባቴ ሲሰናበተኝ በቅርብ እንደምወርድ ነገረኝ፤ ዐይኔን ግን አላየኝም። የእጮኛዬ ቤተሰቦች በዚያው ወር ሽማግሌ ልከው ቀለበቱን አስመለሱ። አልፈርድባቸውም። ያኔ የዚያ በሽታ ስም ሲጠራ ሰው መንገድ ይቀይር ነበር። እሱም ሌላ አግብቶ ልጆች ወልዶ ኖረ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ጤና ይስጥልኝ ተባብለናል።

አልጋዬ አጠገብ የተኛችው ሴት አያንቱ ትባላለች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ጉንጯ የገባ፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ። አገሯ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከኮረብታው ወዲያ ነው፤ ገበሬዎች ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ስትተኛና ስትጸልይ በኦሮምኛ ነው። በረንዳው ላይ አልጋዋን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ አዙሩልኝ ትላቸዋለች፤ ከዚያ የየካ ጋራ ይታያታል፤ ቤቷ ከጋራው ጀርባ ነው። እዚያ ጫልቱ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ጡት እየጠባች ነው የተለየቻት። ልጅ ወደ ሆስፒታሉ ማምጣት ክልክል ስለሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ አላየቻትም። ልጅቷን የምታሳድገው የባሏ እናት ናት። ባሏ ቶሎሳ እሑድ እሑድ ቅቤና እርጎ ይዞ ይመጣል፤ ጋቢውን አፍንጫው ላይ አጣፍቶ ከበረንዳው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ጫልቱ ያወራታል። አንድ እሑድ ጫልቱ አፏን ፈታች አላት። የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። "አኮ" ነው አላት። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። አያንቱ ጥሩ ነው ብላ ሳቀች፤ እጇን ግን አፏ ላይ አላደረገችም። ያን ቀን እርጎውን ሳትነካው ዋለች።

በማኅተም እያተምን ካርድ መሥራት ያስተማሩን ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ከወንዶቹ ክፍል ነበሩ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ እኛ በረንዳ ጫፍ መጥተው ይቀመጣሉ። ከመታመማቸው በፊት ፒያሳ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የመሥሪያ ቤት ማኅተም ይቀርጹ ነበር። እጃቸው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። የአሮጌ ጫማ ሶል ለምነው ያመጡና ምላጭ በእንጨት ላይ አስረው አበባ ይቀርጹበታል፣ ወፍ ይቀርጹበታል። ቀለሙን ከቁስል ማጠቢያው ክፍል ነው የምናገኘው፤ ሐምራዊው ለአፍ ቁስል የሚቀባው ነው፣ ቀዩ ለጭረት የሚደረገው። ቢጫ ስንፈልግ እርድ እንበጠብጣለን፤ ሰማያዊ ስንፈልግ ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚጨመረውን ዱቄት። ሁለቱ ሲደባለቁ አረንጓዴ ይሆናል። የሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን ላይ የብርድ ልብስ ቁራጭ አድርገን ቀለሙን እናጠጣዋለን፤ ማኅተሙን የምናስነካው በዚያ ነው። ካርዱ የራጅ ፊልም የሚመጣበት ካርቶን ነው፤ በውስጥ በኩል ነጭ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና እየሠራን ለነርሶቹ እንሰጣለን። ወደ ከተማ ሊሸጥ ተሞክሮ ማን እንደሠራው ሲታወቅ የነካው አልተገኘም።

አንድ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ አበባ በካርዱ ላይ አተሙ። ያንኑ አበባ መድኃኒት በሚጠቀለልበት ስስ ወረቀት ላይም አተሙት፤ ከዚያ የወረቀቱን አበባ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጠው በካርዱ አበባ ላይ ልክ በልኩ ደረቡት። መከለያ ይሉታል። በላዩ ላይ ትልቅ የጎጆ ማኅተም ተጫኑበት። መከለያውን በጥፍራቸው ሲያነሱት አበባው ንጹሕ ሆኖ ከፊት ቆሟል፣ ጎጆው ከኋላው ገብቷል። አያንቱ ካርዱን ተቀብላ ወደ ዐይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

"ጋሽዬ፣ እንዴት ከኋላው ገባ?"

"ከፊት የምትፈልጊውን አስቀድመሽ ታትሚያለሽ። ከዚያ ትሸፍኚዋለሽ። የሩቁ ነገር በመጨረሻ ነው የሚመጣው" አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያንቱ ከጎማና ከምላጭ አልተለየችም። ማኅተም ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ስለሚቀረጽ መጀመሪያ የቀረጸቻት ልጅ በግራ እጇ የያዘችው ዱላ ሲታተም በቀኝ ወጣ፤ ብዙ ሶል አበላሸች፤ ጣቷን ቆረጠች። በመጨረሻ ሠራችው። ከፊት ትንሽ ልጅ ቆማለች፣ ከልጅቷ ኋላ ጎጆ አለ፣ ከጎጆው ኋላ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ጋራ። ካርዱን ይዛ ወደ እኔ ዞረችና "እኔስ የት ልሁን?" አለችኝ። ራሷ አሰበችበትና የእህል ፍሬ የምታክል ሴት ቀርጻ ከጋራው ጫፍ ላይ በሐምራዊ አተመቻት። በሽታ እንዳያስተላልፍ ካርዱን ነርሷ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እሑድ ቶሎሳ በጋቢው ጫፍ ተቀብሎ ወሰደው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሴትየዋ ከጋራው ወገብ ላይ ነበረች። ቀጥሎ ከጋራው ግርጌ። በቀረበች ቁጥር ትልቅ መሆን ስላለባት አያንቱ ለእያንዳንዱ ካርድ አዲስ ማኅተም ትቀርጻለች፤ የምትታተምበትም ተራ ወደ ፊት እየመጣ ይሄዳል። ካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ እሷም ማንበብ አትችልም፣ ቤት ውስጥም የሚያነብ የለም። ቶሎሳ የነገረን እንዲህ ነው፤ አያትየዋ በመጀመሪያ ካርዱን ፈርታ ጭስ ላይ ያዘችው። ቆይታ ግን ግድግዳው ላይ በሊጥ ለጠፈችው፤ የልጅቷ እጅ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጋ። ጫልቱ ጠዋት ስትነሳ አንጋጣ ታየዋለች። ሁለተኛው ሲመጣ ከመጀመሪያው አጠገብ ተለጠፈ። ልጅቷ ሴትየዋን በጣቷ እያሳየች እየመጣች ነው ወይ ትላለች፤ አባቷም አዎ፣ እየመጣች ነው ይላታል። አያንቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በዚያ በረንዳ ላይ መርፌውን፣ መራራውን ኪኒን፣ ብርዱን፣ ሌሊት የሚያስል ሰው ድምፅ በድንገት ዝም ሲል የሚሰማንን ፍርሃት ሁላችንም የምንችለው በየራሳችን መንገድ ነበር። እሷ የቻለችው በዚህ ነው።

ሴትየዋ አጥሩ በር ላይ በደረሰች ወር አያንቱ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ አየው። ግራ ሳንባዋ ላይ የተዘጋው ቁስል ተከፍቷል አላት። መቼ እንደምትወጣ አሁን መናገር አይቻልም፤ መድኃኒቱም ተቀይሮ እንደ አዲስ ይጀመራል። ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተኛች፤ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አደረገች። ብዙ ቀን ማኅተም አልነካችም። ቶሎሳ መጥቶ ጫልቱ የሚቀጥለውን ካርድ እየጠየቀች እንደሆነ ሲነግራት ከብርድ ልብሱ ሥር አልወጣችም። እኔ ምን ቸገረሽ፣ ደጃፉ ላይ አድርሻት፣ ልጅ ናት አልኳት። ጋሽ መኩሪያም በሽታው ከለቀቀሽ በኋላ ትደርሻለሽ፣ ለጊዜው ወደ ጋራው መልሻት አሏት።

አያንቱ ተነስታ ተቀመጠች። "ደጃፉ ላይ ካደረስኳት በሩን ከፍታ ትፈልገኛለች፣ ታጣኛለች። ወደ ኋላ ከመለስኳትም ትታኝ ሄደች ትላለች። እዚያው አጥሩ በር ላይ ትቁም" አለች።

እዚያው ቆመች። በየወሩ ካርድ ትሠራለች፤ በየወሩ ሴትየዋ አጥሩ በር ላይ ናት። የሚለወጠው ዙሪያዋ ያለው ነው። በመስከረም አደይ አበባ ከእግሯ ሥር ይታተማል፤ በክረምት ዝናብ ይወርድባታል፤ አንድ ጊዜ ወፍ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ ጥጃ መጥታ እጇን ስትልስ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ያቺን ጥጃ ከቀረጹላት በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ በጾመ ፍልሰታ አረፉ። መቅረጫቸውን ነርሷ ለአያንቱ ሰጠቻት። አልጋቸው ላይ በማግሥቱ ሌላ ሰው ተኛ።

እኔን ከእሷ በፊት አሰናበቱኝ። መውጣት የምመኘውን ያህል ስወጣ ደስ አላለኝም፤ ነፃ ነሽ የሚለውን ወረቀት ይዤ በረንዳው ላይ ስንተቃቀፍ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። የዚያን ወር ካርድ ለእኔ ሰጠችኝ፤ በእጄ አደርሰው ዘንድ። ትንሽ አገግሜ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት እያረፍኩ ወጣሁ። ቶሎሳ እርሻ ላይ ነበር፤ አያትየዋ፣ ጎንበስ ያለች ጠንካራ ሴት፣ ከየት እንደመጣሁ ስታውቅ ትንሽ ፈራ ተባ ብላ አስገባችኝ። ግድግዳው በካርድ ተሞልቶ ነበር። አንዳንዱ ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አንዳንዱን ሊጡን የበላ አይጥ ጠርዙን ነክሶታል። ጫልቱ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ቀና አለች፤ እያመሳከረችኝ እንደሆነ ገባኝ። እሷ አለመሆኔን በኦሮምኛ ነገርኳት፤ ኦሮምኛዬ የተሰባበረ ነው፤ ሳቀችብኝ። ያመጣሁትን ካርድ ተቀብላ አየችው።

"ለምንድን ነው የማትገባው?" አለችኝ።

ሐኪሙ እስኪፈቅድላት ነው አልኳት። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀችኝ። ከጋራው ወዲያ ነው፣ አይታይም አልኳት። ይህን ተቀበለችኝ።

አያንቱ የወጣችው ከዚያ በኋላ ሌላ ክረምት አልፎ ነው። ሊወስዳት ቶሎሳ በቅሎ ይዞ መጣ፤ እኔም የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ አብሬያቸው በጋራው ሸንተረር ሄድኩ። ሰማይና ምድሩ አደይ ብቻ ነበር። አጥሩ በር ጋ ስንደርስ ከበቅሎዋ ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለች። ጫልቱ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ብዙ አየቻት። ከዚያ "እሷ አይደለችም" አለች። "የእኛ ሴትዮ ሐምራዊ ናት።" ሮጣ ወደ ውስጥ ገባች። አያትየዋ ልትቆጣት ስትል አያንቱ በእጇ ከለከለቻት። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሰጧት፤ እንደ እንግዳ አመስግና ጠጣች።

እንዲያ ነው የቆየው። ለካ ልጅቷ ስትወድ የኖረችው የጎማ ማኅተሟን ሴት ነው፤ ይቺኛይቱ ደግሞ ታስላለች፣ ቀጭን ናት፣ ጸጉሯን ልጎንጉንልሽ ትላለች። አያንቱ ማኅተም ዳግመኛ አልሠራችም። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት አሁን እዚህ ነኝ አለችኝ። ጫልቱ የምትተኛው ከአያቷ ጋር ነው፤ ስትወድቅ የምትሮጠው ወደ አያቷ ነው፤ እናቷን ሁሉም እንደሚጠራት አያንቱ ብላ ትጠራለች። ቶሎሳ እማዬ በያት እያለ ሊያስገድዳት ሲሞክር አያንቱ ተዋት፣ ስሜን ታውቀዋለች አይደል አለችው። ከመንጋት በፊት ተነስታ ላም ታልባለች፣ አጥር ታጥራለች፣ ቅቤ ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። ሐኪሙ ከባድ አትሸከሚ ብሏት ነበር። ትሸከማለች። እኔ ወደ ልብስ ስፌቴ ተመልሼ፣ ቆይቶም አንድ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው አግብቼ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሆንልኝ የካ ወጥቼ አያታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱን ወፍጮ ቤት አገኘኋቸው፤ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብላ የነበረችው፣ ሞተሯ ሰፈሩን ሁሉ የምታንቀጠቅጠው ወፍጮ። ጫልቱ የፊት ጥርሷ ወልቆ የበቀለ፣ እግሯ የረዘመ ልጅ ሆናለች። አያንቱ የጆንያውን አፍ ይዛ ዱቄቱ ሲወርድ ትቀበላለች፤ ጫልቱ ሌላውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛለች። ሁለቱም ፊታቸው እስከ ሽፋሽፍታቸው ዱቄት ለብሷል። ወረፋ የያዘች አንዲት ባልቴት ልጅቷን ትክ ብላ አይታ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት። ጫልቱ እጇ ጆንያው ላይ ስለሆነ አላነሳችውም። አፏንም አልከፈተችም። በአገጯ ወደ አያንቱ ጠቆመች፤ ከዚያ ወደ ዱቄቱ ዞረች፣ ምንም እንዳልሆነ።

ሞተሩ ቆመ። አያንቱ ጆንያውን አስራ ሳትጨርስ ገመዱን ለቀቀችውና ከጆንያው አጠገብ ተቀመጠች። አሟት እንደሆነ ስጠይቃት አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ዕንባዋ ዱቄቱ ላይ መስመር እያወጣ ይወርድ ነበር።

"አልማዝ፣ ደከመኝ" አለችኝ። "ይህን ሁሉ ዓመት ሳይደክመኝ ቆይቼ አሁን ደከመኝ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ገመዱን አንስታ የጆንያውን አፍ ራሷ ማሰር ጀመረች። ከኋላችን ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ ተነሡ ያለን ግን አልነበረም።